ከአንድ ግራም የቀለለ ጅግ እና 18 ኪሎው ትራውት፦ የሊትል ሬድ ወንዝ ጉዳይ

እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1992 በአሜሪካ አርካንሶ ግዛት፣ ሄበር ስፕሪንግስ ከተማ አቅራቢያ፣ ሃዋርድ ኮሊንስ የተባሉ ዓሣ አጥማጅ ከሊትል ሬድ ወንዝ ቡናማ ትራውት የሚባል አንድ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ አወጡ። ሰውየው የሚታወቁት ሪፕ በሚለው ቅጽል ስማቸው ነው። ዓሣው 40 ፓውንድ ከ4 አውንስ፣ በእኛ አለካክ 18 ኪሎ ከሩብ ያህል መዘነ። በስፖርት ዓሣ ማጥመድ የዓለም መዝገብም ትልቁ ቡናማ ትራውት ሆኖ ሰፈረ፤ እስከ 2009 ድረስም የሚበልጠው አልተገኘም።

ስለ ትልቅ ዓሣ የሚወራ ወሬ ሞልቷል። ይህኛው ጉዳይ ለጥናት የሚበቃው በመንጠቆው ጫፍ ላይ በነበረው ነገር ምክንያት ነው። ኮሊንስ የተጠቀሙበት ማባበያ የአንድ አውንስ 1/32ኛ የሚመዝን፣ ማለትም አንድ ግራም እንኳ የማይሞላ፣ የወይራ ቅጠል ቀለም ያለው የላባ ጅግ፣ ማለትም ራሷ ላይ ትንሽ የብረት ኳስ ያለባትና ላባ የታሰረባት መንጠቆ ነበር። ክሩም 4 ፓውንድ፣ ማለትም 1.8 ኪሎ ያህል ጉተታ ብቻ የሚችል ቀጭን ክር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እዚህ ግን ድሩ አላበረም፣ አንዷ ቀጭን ክር ብቻዋን ከአቅሟ ዐሥር እጥፍ የሚመዝን ዓሣ ይዛ ወጣች።

እንዲህ ያለ ዜና የሰማ አጥማጅ መጀመሪያ የሚያደርገው ያንኑ ጅግ፣ በዚያው ቀለም፣ በዚያው ክብደት መግዛት ነው። ገዝቶም ወደ ሌላ ወንዝ ይሄዳል፣ ወይም ወደ ረጋ ሐይቅ፤ ባዶ እጁን ሲመለስ ደግሞ በዕድሉ ያማርራል። ከዚህ ጉዳይ ጠቃሚ ነገር ማውጣት የሚቻለው ጥያቄው ሲገለበጥ ይመስለኛል። ያ ወንዝ፣ ያ ዓሣና ያ ክር አንድ ላይ ሆነው ምን ዓይነት ማባበያ ይጠሩ ነበር?

ወንዙ

ሊትል ሬድ የትራውት ወንዝ ሆኖ አልተፈጠረም። የአርካንሶ በጋ ሞቃት ነው፤ ወንዙም ቀድሞ የሞቀ ውሃ ዓሦች መኖሪያ ነበር። ነገሩን የለወጠው የግሪርስ ፌሪ ግድብ ነው። ግድቡን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1963 የመረቁት ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ናቸው፤ ከተገደሉበት ቀን በፊት ሁለት ወር እንኳ አልቀራቸውም ነበር። የግድቡ ተርባይኖች ውሃ የሚስቡት ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ነው። ጥልቁ ውሃ ደግሞ በሐምሌ ሙቀትም ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቆያል። ቀዝቃዛው ውሃ የድሮዎቹን ዓሦች ከግድቡ በታች ካለው የወንዙ ክፍል አራቃቸው፤ በምትኩም የፌዴራሉ መንግሥት እዚያው ግድቡ ሥር የትራውት ማራቢያ ጣቢያ ከፈተ።

ትራውት እንደ ልቡ የሚበላውና የሚያድገው ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ባለ ውሃ ውስጥ ነው። ከ20 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጨነቃል፤ የሞቀ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን አነስተኛ ነውና። በተፈጥሮ ወንዝ ውስጥ የሚኖር ትራውት በክረምት ብርድ ከመብላት ሊቆጠብ ይችላል፣ በበጋ ሙቀትም እንዲሁ። ከግድብ በታች ግን የውሃው ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይናወጥምና ዓሣው የሚጾምበት ወቅት የለውም ማለት ይቻላል። የዚያን ዓሣ ክብደት ለማስረዳት ከየትኛውም የማባበያ ቀለም በፊት ይህ መነገር አለበት።

ግድቡ ሌላም ነገር ይወስናል። ኤሌክትሪክ ሲመነጭ ወንዙ በድንገት ይሞላል፣ ይፈጥናል፤ ተርባይኖቹ ሲቆሙ ደግሞ ይጎድላል፣ ይጠራል፣ ይዘገያል። የሙላቱ ወንዝና የጉድለቱ ወንዝ አልጋቸው አንድ ይሁን እንጂ ለአጥማጅ ሁለት የተለያዩ ወንዞች ናቸው። በጎደለው ውሃ ዓሣው ክሩን ያያል፣ የሰውን ጥላ ያያል፣ ማባበያውንም ለመመርመር ጊዜ ያገኛል። በሞላው ውሃ ግን የሚያልፍለትን ነገር ወዲያው ካልጎረሰ ያመልጠዋል። በእንደዚህ ዓይነት ወንዝ ላይ የማባበያ ምርጫ የሚጀምረው የግድቡን የውሃ መልቀቂያ ሰዓት ከማወቅ ነው፤ ለነፍስም ጭምር፣ ምክንያቱም በውሃው መካከል የቆመ ሰው ሳያስበው ሊከበብ ይችላል።

ከወንዙ አልጋ ላይ አንድ ድንጋይ ቢገለበጥ የገበታው ዝርዝር ይታያል። ሊትል ሬድ ሶውበግ በሚባሉ ግራጫ፣ ጠፍጣፋ፣ ብዙ እግር ባላቸው ትንንሽ ቅርፊታሞች የታወቀ ወንዝ ነው። ከእነርሱ ጋር ስከድ የሚባሉ፣ ትንንሽ ሽሪምፕ የሚመስሉና አብዛኛውን ጊዜ ወደ ወይራ ቀለም የሚያደሉ ፍጥረታት ይገኛሉ። በድንጋዮቹ መካከል ደግሞ ስከልፒን የሚባል፣ ጭንቅላቱ ሰፋ ያለ፣ የወይራና የቡናማ ቅይጥ ቀለም ያለው ትንሽ ዓሣ ይሸሸጋል። በብርቱ ክረምት ሌላ ድግስ ይመጣል። ሻድ የሚባሉት የሐይቁ ትንንሽ ዓሦች ብርድ አይችሉም፤ ሲሞቱና ሲደነዝዙ በተርባይኖቹ በኩል ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። በዚያ ሰሞን ነጭ ጅግ የያዘ አጥማጅ ከሌላው ሁሉ ይቀድማል። ማባበያው ያው፣ የተቀየረው ቀለሙ ብቻ ነው፤ የቀየረውም ገበታው ነው።

ዓሣው

ቡናማው ትራውት ለአሜሪካም እንግዳ ነው። አገሩ አውሮፓ ሲሆን እንቁላሉ በ1883 ከጀርመን ተልኮ፣ በተከታዩ ዓመት ጫጩቶቹ በሚሺጋን ወንዝ ተለቀቁ። ወደ ሊትል ሬድ የመጣው ደግሞ፣ እንደሚነገረው፣ በ1970ዎቹ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች የዳበሩ እንቁላሎችን በትንንሽ ሳጥኖች አድርገው በወንዙ ጠጠር ውስጥ በመቅበራቸው ነው። እንግዲህ የኮሊንስ ዓሣ ከዚያ ዘር ከሆነ ሃያ ዓመት ባልሞላ ዕድሜ ነው ያን ያህል የገዘፈው።

ቡናማ ትራውት ሲያድግ ጠባዩ ይለወጣል። በልጅነቱ ነፍሳትና ቅርፊታም ይለቅማል። ከገዘፈ በኋላ ግን ዓሣ በሊታ ይሆናል። ቀን ቀን ከወደቀ ግንድ ሥር ወይም ከተቦረቦረ የወንዝ ዳርቻ ጥላ ሥር ይሸሸጋል፣ ሲመሽ ወጥቶ ያድናል። ከማራቢያ ጣቢያው ወደ ወንዙ የሚለቀቁት ቀስተ ደመና የሚባሉት ሌላ ዓይነት ትራውቶች ለአጥማጆች የታሰቡ ናቸው፤ ትልቁ ቡናማ ግን ከአጥማጆቹ ቀድሞ ድርሻውን ይወስዳል። ይህን የሚያውቅ ሰው ለእንዲህ ያለ ዓሣ ምን ይመርጣል? በደመ ነፍስ የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ ትልቅ፣ ዓሣ የሚመስል፣ በምሽት የሚጎተት ማባበያ። አንድ ግራም የማይሞላ ላባ ግን በማንም አእምሮ ውስጥ አይመጣም። የጉዳዩ እንቆቅልሽ እዚህ ላይ ነው።

የነበሩት አማራጮች

እንቆቅልሹን ለመፍታት በዚያ ወንዝ ላይ አንድ ሰው በሣጥኑ ሊይዛቸው የሚችላቸውን ነገሮች አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል።

ትል። ቀላሉ፣ ርካሹና በየትኛውም አገር የሚሠራው ይህ ነው። ትል በተለይ ውሃው ሲሞላና ሲደፈርስ ውጤታማ ነው፤ ዳርቻው በሚሸረሸርበት ሰዓት ትል ወደ ወንዝ መውረዱ ተፈጥሯዊ ስለሆነ ዓሣው አይጠራጠረውም። ሽታውም በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአሰካኩ ነው። ትሉን ጠቅልሎ መንጠቆውን በሙሉ የሚሸፍን ድቡልቡል ያደርገዋል። ትራውት በወንዝ ውስጥ ድቡልቡል ትል አይቶ አያውቅም። አንድ ትል፣ በትንሽ መንጠቆ፣ በመካከሉ አንዴ ወይም ሁለቴ ተወግቶ ሁለቱ ጫፎቹ እየተወዛወዙ በወራጁ ፍጥነት እንዲሄድ ሲደረግ ሌላ ነገር ይሆናል። ክሩ ላይ የሚታሰረው የእርሳስ ክብደትም ትሉን ወደ ታች ለማውረድ የሚበቃ እንጂ አልጋው ላይ ቸንክሮ የሚያስቀምጥ መሆን የለበትም። የትል ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

የዓሣ እንቁላል። በመኸር ቡናማው ትራውት በሚራባበት ወቅት ከጠጠሩ የሚያመልጠውን እንቁላል ሌሎች ትራውቶች ከኋላ እየተከተሉ ይለቅማሉ። ከዚያ ወቅት ውጪም ቢሆን ይሠራል፤ ግን ያን ያህል አይደለም። በሚራቡበት ጠጠር ላይ የቆሙትን እናቶች ማጥመድ ግን በእኔ ሚዛን ነውር ነው።

ሊጥ። በፋብሪካ የተዘጋጀ፣ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ደማቅ ቀለምና ጠንካራ ሽታ ያለው ሊጥ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የአሜሪካን ሐይቆች ዳርቻ ሞልቶታል። ፓወርቤይት የታወቀው ነው። አሠራሩን የሚገልጸው የማራቢያ ጣቢያው ነው፦ እዚያ ያደገ ቀስተ ደመና ትራውት ከጫጩትነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ምግብ በእጅ ወይም በማሽን የሚበተን የመኖ እንክብል ብቻ ነው። ወደ ውሃ በተለቀቀ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክብ፣ የሚሸት ነገር ሲያይ ያደገበትን ማዕድ ያየ ይመስለዋል። አብዛኛው ሊጥ ተንሳፋፊ ነው፤ ስለዚህ እርሳሱ ወለሉ ላይ ተቀምጦ፣ ከእርሳሱ በኋላ ግማሽ ሜትር ያህል ቀጭን ክር ተትቶ፣ ሊጡ ከወለሉ ከፍ ብሎ ይቆማል። መንጠቆውን ለማንሳት የማይበቃ ትንሽ ሊጥ ያደረገ ሰው ግን ሊጡን ጭቃ ውስጥ ቀብሮ ነው የሚጠብቀው። በወንዝ የተወለደ ቡናማ ትራውት ግን ለእንክብል ትዝታ የለውም። ለኮሊንስ ዓሣ ሊጥ ከንቱ ነበር ማለት ይቀላል።

የሚሽከረከር ብረትና ማንኪያ መሳይ ብረት። እነዚህ በብልጭታና በውሃ ውስጥ በሚፈጥሩት ንዝረት ይሠራሉ። ዓሣ በጎኑ ባለው የስሜት መሥመር ንዝረት ስለሚያውቅ ውሃው ትንሽ ሲደበዝዝ ወይም ሰማዩ ሲደምን ጥሩ ናቸው። ሰፊ ውሃ ፈጥኖ ለማሰስም የሚወዳደራቸው የለም። በጠራና በጎደለ ውሃ፣ በቀትር ፀሐይ ግን ብልጭታው ዓሣውን ሊያስበረግግ ይችላል።

ዓሣ መሳይ ማባበያ። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ የመጀመሪያውን በ1936 ከቡሽ ቀርጾ የሠራው አንድ ነገር አስተውሎ ነው፦ አዳኝ ዓሣ ከመንጋው መካከል የሚመርጠው እየተንገዳገደ የሚዋኘውን ነው። ለትልቅ ቡናማ ትራውት በአእምሮ መጀመሪያ የሚመጣው ማባበያ ይህ ነው፤ በሙሉ ወንዝና በምሽት ደግሞ ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ሰው ሠራሽ ዝንብ ለሶውበግ መምሰል የሚያህለው የለም፤ ግን የራሱን ዘንግና የራሱን አወራወር ይጠይቃልና እዚህ አልዘገይበትም።

ቀሪው ጅግ ነው። ጅግ ማለት ራሷ ላይ ትንሽ የብረት ኳስ የተበየደባት፣ ከኳሷ በታች ላባ ወይም ፀጉር የታሰረባት መንጠቆ ናት። ክሩ የሚታሰረው ከላይ ስለሆነ መንጠቆዋ ጫፏን ወደ ላይ አድርጋ ትዋኛለች፤ ስለዚህ በድንጋይ አልጋ ላይ እንደ ሌሎቹ ቶሎ ቶሎ አትያዝም። በኮሊንስ ጅግ ላይ የነበረው ማራቡ የሚባለው ለስላሳ ላባ ነው። ይህ ላባ መጀመሪያ የተገኘው በሐዋሳ አሞራ ገደል ከዓሣ አጥማጆቻችን እጅ የተጣለ አንጀት ሲሻማ ከምናየው ከአባ ኮዳ ወገን ነው፤ ዛሬ ግን ለማባበያ የሚውለው የተርኪ ዶሮ ላባ ሆኗል። የማራቡ ጥበቡ ሳይጎተት መንቀሳቀሱ ነው። ሌላው ማባበያ ነፍስ እንዲዘራ አጥማጁ መጎተት አለበት። ማራቡ ግን ዝም ብሎ በወራጅ ሲንሳፈፍ እያንዳንዱ ጭራው እየተከፈተና እየተዘጋ ይተነፍሳል።

ጅጉ ለምን ተጎረሰ

አሁን ሦስቱን ነገሮች ማገናኘት ይቻላል። የመጀመሪያው ቀለምና ቅርጽ ነው። ያ የወይራ ቀለም ጅግ የማንም ፍጹም ምስል አይደለም፤ ኃይሉም ይህ ነው። ለአንዱ ስከድ፣ ለሌላው ትንሽ ስከልፒን፣ ለሦስተኛው ከድንጋይ የተላቀቀ ነፍሳት ይመስላል። በዚያ ወንዝ አልጋ ላይ ከሚኖሩት አብዛኞቹ በዚያ ቀለም ዙሪያ ናቸው። ምን እንደሚበላ በእርግጠኝነት ለማይታወቅ ዓሣ ከአንድ ፍጥረት ቁርጥ ምስል ይልቅ የብዙዎች ጥላ የሆነ ማባበያ የተሻለ ዕድል አለው።

ሁለተኛው አካሄዱ ነው። ትልቅ ዓሣ በየትንሹ ነገር ኋላ አይሮጥም፤ ለማሳደድ የሚያወጣው ጉልበት ከሚያገኘው ምግብ ከበለጠ ኪሳራ ነው። ነገር ግን አጠገቡ፣ በአፉ ትክክል፣ በወራጁ ፍጥነት የሚመጣ ነገር አፍ ከመክፈት በስተቀር ዋጋ አያስከፍለውም። አብዛኛው ሰው «ትልቅ ዓሣ ትልቅ ማባበያ» ሲል የሚዘነጋው ይህን ነው። ትልቁ ማባበያ የሚያስፈልገው ዓሣውን ከተደበቀበት ለማስወጣት ነው። ትንሹ ማባበያ እስከ ዓሣው አፍንጫ መሄድ ከቻለ ሥራው አልቋል። ያን ያህል ለመቅረብ ደግሞ ከወንዙ አልጋ በጥቂት ጣቶች ከፍ ብሎ፣ ሳይጎተትና ሳይዘገይ መውረድ አለበት። ክብደቱ ከዚህ ይመጣል። ከባድ ጅግ አልጋው ላይ ይቸነከራል፤ በጣም ቀላሉ ደግሞ ከላይኛው ፈጣን ውሃ አይወርድም። ትክክለኛው ክብደት በሱቅ አይታወቅም፤ በየጥቂት ውርወራው አንዴ አልጋውን የሚነካ ከሆነ ልክ ነው፣ በየውርወራው የሚነካ ከሆነ ከባድ ነው፣ ጨርሶ ካልነካ ቀላል ነው።

ሦስተኛው ክሩ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከጻፉት አብዛኞቹ እንደ ጀብዱ የሚያነሡት፣ እኔ ግን እንደ ምክንያት የማየው። አንድ ግራም የማይሞላ ነገር በወፍራም ክር መወርወር አይቻልም፤ የክሩ ግትርነት ብቻውን ያስቀረዋል። ወፍራም ክር በውሃ ውስጥም በወራጁ እየተገፋ ጅጉን ከአካሄዱ ያወጣዋል፣ ከአልጋውም ያነሳዋል። ስለዚህ ጅጉን የመረጠ ሰው ክሩን አብሮ መርጧል። ማባበያ ብቻውን የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ዘንግ፣ የክር መጠቅለያ፣ ክርና መንጠቆ አብረውት ካልተስማሙ የዓለም ምርጡ ላባ የቆሻሻ ቁራጭ ነው።

ታዲያ 1.8 ኪሎ የሚችል ክር 18 ኪሎ ዓሣ እንዴት ያዘ? መልሱ ክሩ ዓሣውን አልተሸከመም የሚል ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ ክብደቱን የሚሸከምለት ውሃው ነው። ክሩ የሚችለው የዓሣውን ጉተታ ነው፤ ጉተታው ደግሞ በመጠቅለያው ፍሬን ይወሰናል። ፍሬኑ ክሩ ከሚበጠስበት ኃይል በጣም ባነሰ መጠን ከተስተካከለ ዓሣው ሲሮጥ ክር ይለቃል፣ ሲደክም ይሰበሰባል። ለስላሳና ረጅም ዘንግ ድንገተኛውን ንቅነቃ ይውጣል፤ የክሩም መለጠጥ ያግዛል። ትንሿ መንጠቆም የራሷ ጥቅም አላት፦ ሽቦዋ ቀጭን ስለሆነ በትንሽ ኃይል ትገባለች። ትልቅና ወፍራም መንጠቆን በዚያ ክር በትልቅ ቡናማ አጥንታም አፍ ውስጥ መሰካት አይቻልም ነበር። ቋጠሮው ግን ምሕረት የለውም። በቀጭን ክር የጠፉ ዓሦች አብዛኞቹ የጠፉት በምራቅ ሳይረጥብ በጠበቀ ቋጠሮ ነው ብል አልተሳሳትኩም።

የሚቃወሙት ማስረጃዎች

ይህን ጉዳይ ብቻ ይዞ «ትንሹ ያሸንፋል» ማለት አይቻልም፤ ክብረ ወሰኑ የተሰበረው በሌላ መንገድ ነውና። በ2009 በሚሺጋን ማኒስቲ ወንዝ ቶም ሂሊ የተባሉ አጥማጅ 41 ፓውንድ ከ7 አውንስ የመዘነ ቡናማ ያወጡት የራፓላ ድርጅት በሚሠራው ሻድ ራፕ በተባለ ዓሣ መሳይ ማባበያ ነበር። ማኒስቲ ወደ ሚሺጋን ሐይቅ የሚፈስ ነው፤ እዚያ የገዘፈ ቡናማ ያደገው ሐይቁ ውስጥ ትንንሽ ዓሦችን እያሳደደ ስለሆነ ዓሣ መሳዩን ማባበያ መጉረሱ አያስገርምም። በተከታዩ ዓመት ከዚያው ሐይቅ፣ ከዊስኮንሲን ዳርቻ፣ 41 ፓውንድ ከ8 አውንስ የመዘነ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ወደ ኒው ዚላንድ ዞረ። በትዊዝል አካባቢ የኦሃው ቦይ የሚባል ሰው ሠራሽ የውሃ መውረጃ አለ፤ በቦዮቹ ውስጥ የሳልመን ዓሣ በቅርጫት መረብ ይረባል። ከመረቡ ሥር የሚቆም ትራውት ከላይ የሚወርደውን መኖ ሳይደክም ይለቅማል። በ2013 ከዚያ ቦይ 42 ፓውንድ ከ1 አውንስ፣ በ2020 ደግሞ 44 ፓውንድ ከ5 አውንስ፣ ማለትም 20 ኪሎ የመዘነ ቡናማ ተያዘ። እነዚህን ከሊትል ሬድ ጋር ስናስተያይ የማባበያው ዓይነት እንደየውሃው ሲለያይ እናያለን፤ በሁሉም ዘንድ አንድ የሆነው ግን የማያቋርጥ ቀዝቃዛ ውሃና የማያልቅ ምግብ ነው። 18 ኪሎ ዓሣ በሌለበት ውሃ ውስጥ 18 ኪሎ ዓሣ የሚይዝ ማባበያ የለም።

ትል የሚያስከፍለው

ወደ ትል እንመለስ። ትራውት ሰው ሠራሽ ነገር ሲጎርስ ሐሰትነቱን በአፉ ስለሚያውቀው ወዲያው ሊተፋው ይሞክራል፤ መንጠቆው የሚይዘው ብዙውን ጊዜ በከንፈሩ ወይም በመንጋጋው ዳር ነው። ትል ግን እውነተኛ ምግብ ነው፤ ስለዚህ ይውጠዋል፣ መንጠቆውም ጉሮሮውን ወይም አንጀቱን ይወጋል። ተይዘው የተለቀቁ ትራውቶችን የተከታተሉ ጥናቶች በትል በተያዙትና በሰው ሠራሽ ማባበያ በተያዙት መካከል ብዙ እጥፍ የሞት ልዩነት ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። አርካንሶም ሆነ ሌሎች ግዛቶች ዓሣ ተይዞ መለቀቅ ባለበት የወንዝ ክፍል ሰው ሠራሽ ማባበያ ብቻ፣ እሱም ወደ ኋላ የዞረች እሾህ በሌላት በአንድ መንጠቆ እንዲሆን የሚያዝዙት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ከማባበያ ምርጫ በፊት የሚመጣ ውሳኔ አለ፦ ዓሣው ሊበላ ነው ወይስ ሊለቀቅ? ሊበላ ከሆነና ሕጉ ከፈቀደ ትል ምንም ነውር የለበትም። ሊለቀቅ ከሆነ ግን በትል ማጥመድ ከንቱ ደግነት ነው፤ ዓሣው እየዋኘ ሲሄድ አይተነው ደስ ብሎን እንመለሳለን፣ እሱ ከዓይናችን ርቆ ይሞታል። መንጠቆ ከጉሮሮ በታች ከገባ ለማውጣት መታገል ይብሳል፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል።

ከሊትል ሬድ ውጪ

በአሜሪካ፣ ለምሳሌ በዴንቨርና በአውሮራ፣ የሚኖር የአገራችን ሰው ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዞ የሚሄደው ወደ ሊትል ሬድ ሳይሆን ከማራቢያ ጣቢያ የመጣ ቀስተ ደመና ትራውት ወደተለቀቀበት የከተማ ሐይቅ ነው። እዚያ የኮሊንስን ጅግ ይዞ መሄድ ነገሩን ማክበድ ነው። የግዛቱን ፈቃድ ቆርጦ፣ ዓሣው በቅርብ የተለቀቀ ከሆነ ሊጡን፣ ከቆየ ትሉን ወይም ትንሽ የሚሽከረከር ብረት መያዝ ይበቃዋል። የወይራው ጅግ የሚያስፈልገው ዓሣው ከሐይቁ ምግብ ጋር ከተዋወቀና እንክብሉን ከረሳ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜም ከትንሽ ተንሳፋፊ በታች አንጠልጥሎ፣ ነፋሱ የሚያነሳው ማዕበል እያወዛወዘው፣ ዝም ብሎ መተው ነው።

በባሌ ተራሮች ግን ጉዳዩ ወደ ኮሊንስ ወንዝ ይቀርባል። ትራውት ወደ ዌብ፣ ዳንካ፣ ሻያና ጠጎና ወንዞች የመጣው ከኬንያ ነው፤ ኬንያም የመጀመሪያውን ቡናማ ትራውት ያገኘችው በ1905 ከስኮትላንድ ነበር። እነዚህ ወንዞች ግድብ የላቸውም፤ ቅዝቃዜያቸው የከፍታቸው ነው። ጠባያቸውን የሚቀያይረው እንደ ሊትል ሬድ የተርባይን ሰዓት ሳይሆን ዝናብ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ደረቅ ወቅት ውሃው ይጠራል፣ ይቀጥናል፤ ያን ጊዜ ትንሽ ጠቆር ያለ ጅግ ወይም ከጥፍር የማይበልጥ የሚሽከረከር ብረት፣ ቀጭን ክር፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ ተንበርክኮ መወርወር ያስፈልጋል። ዝናብ ሲጀምርና ውሃው ሲደፈርስ ከዳርቻው የተቆፈረ ትል ከሁሉም ይበልጣል። የፓርኩን ፈቃድ ቀድሞ መጠየቅ ግዴታ ነው።

በባሌ ስለ መልቀቅ ያለኝ አቋም ከአርካንሶው ይለያል። እዚያ ያለው ትራውት ሰው ያመጣው አዳኝ ነው፤ ወንዞቹም ከእርሱ በፊት የነበሩ የራሳቸው ትንንሽ ዓሦች አሏቸው። የተያዘውን አብስሎ መብላት ለወንዙ የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ በዚህ ሚዛን ትል እንደገና ተፈቅዶለት ይመለሳል። የማይፈቀደው ሕይወት ያለው ትንሽ ዓሣ በባልዲ ይዞ ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው መሻገር ነው። ትራውት ያልደረሰባቸው ጅረቶች አሉና ማባበያውን እዚያው ወንዝ ዳር ቆፍሮ ማውጣት፣ የተረፈውንም እዚያው መተው ያስፈልጋል።